ከአልጋ ሥር የወጣ ጓዝ

ከጆሃንስበርግ ወጣ ብሎ ባለው የቮስሎሩስ ሎኬሽን ሰፈር ውስጥ ኤርጎጌን የማያውቅ የለም ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። ከሱቋ መስኮት ላይ ቆማ፣ ደንበኛ ገና ከመንገዱ ማዶ ብቅ ሲል ምን ፈልጎ እንደመጣ ታውቃለች፤ ለአንዱ ግማሽ ዳቦ፣ ለሌላው ሻማ አዘጋጅታ ትጠብቀዋለች። ዙሉኛዋ ስብርብር ያለ ነው። ግን ስትሳሳት ከማንም ቀድማ የምትስቀው ራሷ ስለሆነች ሌላው አብሯት ይስቃል እንጂ አይስቅባትም። "ሳውቦና ሲሲ" ብሎ በዙሉኛ ሰላም ያላት ሁሉ ከገዛው ዕቃ ሌላ አንድ ቀልድ ይዞ ይመለሳል።

ባሏ ማናሴ ሌላ ዓይነት ሰው ነው። ረጋ ያለ፣ ቃል የሚቆጥብ፣ ዕቃ ደግሞ ፈጽሞ የማይጥል። ባዶ ካርቶን አጥፎ ያስቀምጣል፣ የተበጠሰ ገመድ ይቋጥራል፣ እጀታው የወለቀ ባልዲ "ነገ ይፈለጋል" ብሎ ጥግ ያሲዛል። ሁለቱም የሆሳዕና ልጆች ናቸው፤ የተገናኙት ግን እዚሁ ጆሃንስበርግ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ተጋብተው ልጃቸውን ፊቤን ከወለዱ ወዲህ የሚኖሩት ከሱቁ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ግቢው የአከራያቸው የማ ንኮሲ ነው፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ድምፃቸው ጎላ ያለ፣ ፊቤን እንደ ልጅ ልጃቸው የሚያዩ ሴት ናቸው።

ክፍሏ ጠባብ ስለሆነች የሱቁ መጋዘን ከአልጋው ሥር ነበር። ብስኩቱ እዚያ፣ ሳሙናው እዚያ፣ ለክረምት የሚሸጠው ብርድ ልብስ እዚያ፣ ማናሴ ያጠፋቸው ካርቶኖችም እዚያ። ከሁሉም በስተጀርባ፣ ግድግዳውን ተደግፈው ሁለት ትልልቅ ሻንጣዎች ነበሩ። እነሱ ውስጥ ያለው የራሳቸው ልብስ ነው። ቁም ሣጥን የላቸውም። ኤርጎጌ ቀሚስ ስትፈልግ በሆዷ ተኝታ ካርቶን እየገፋች ሻንጣ ትጎትታለች፤ የፈለገችውን አውጥታ ሁሉንም ወደ ቦታው ትመልሳለች። ቁም ሣጥን እንግዛ ባለች ቁጥር ማናሴ፣ "ቁም ሣጥን ተሸክመሽ አትሮጪም" ይላታል።

ይህን የሚለው ሊቀልድ ፈልጎ አይደለም። ኤርጎጌን ከማግባቱ በፊት ጻካኔ የሚባል ሌላ ሎኬሽን ውስጥ ሱቅ ነበረው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰፈሩ በውጭ አገር ሰዎች ላይ ተነሣና ሱቁ እስከ መደርደሪያው ድረስ ተዘረፈ፤ ማናሴ በለበሳት ሸሚዝ ብቻ የጓሮውን አጥር ዘሎ አመለጠ። ከዚያ ወዲህ ልብሱን ከሻንጣ አውጥቶ ሰቅሎ አያውቅም። ኤርጎጌም ታሪኩን ስለምታውቅ ነገሩን አታጠብቅበትም ነበር።

ችግሩ የመጣው ከአንድ ደግ ሐሳብ ነው። ብርዱ ሊገባ ሲል ማናሴ ከብራክፓን አካባቢ አንድ ሰው ቤቱን ለቆ ሲሄድ የሚሸጠውን የአልጋ ራስጌ ገዝቶ መጣ። ወይን ጠጅ ከፋይ የለበሰ፣ መሐል መሐሉ የልብስ ቁልፍ የተሰፋበት፣ ቁመቱ ከግድግዳው ግማሽ የሚደርስ። ባኪ ከሚሏት የጭነት መኪና ላይ ሲያወርደው ፊቱ ያበራ ነበር።

"ሚስቴ እንደ ንግሥት ተደግፋ ትቀመጥ" አለ፤ ለማናሴ ይህ ረጅም ንግግር ነው። ኤርጎጌ ከልቧ ደስ አላት። ማታ ማታ ፊቤን አቅፋ ከፋዩን ተደግፋ ስትቀመጥ ክፍሏ ራሷ የሰፋች ይመስላት ነበር።

ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ ፊቤ ማከክ ጀመረች። ክንዷ ላይ፣ አንገቷ ላይ ቀያይ እብጠቶች ይታያሉ። ኤርጎጌ መጀመሪያ ቲማቲም ነው አለችና ቲማቲም ከለከለቻት። ከዚያ የልብስ ሳሙናውን ለወጠች። ቀጥሎ እሷም ወገቧን ማከክ ስትጀምር፣ ትንኝ ነው ብላ የመስኮቱን ክፍተት በጨርቅ ደፈነች። ምንም ለውጥ ስታጣ ልጅቷን አዝላ ክሊኒክ ሄደች።

ነርሷ የፊቤን ክንድ ገልበጥ አድርጋ አየችና፣ "የምንድን ነው ብለሽ አሰብሽ?" ብላ ጠየቀቻት።

"የትንኝ ንክሻ።"

"ሐምሌ ላይ? ጠዋት የመኪናዬ መስተዋት በረዶ ለብሶ ነው ያገኘሁት፤ በዚህ ብርድ የምን ትንኝ አለ? ደግሞ እዪ፣ በመስመር ነው የነከሱት። ቤት ሄደሽ ፍራሽሽን ገልብጪና ስፌቱን ተመልከቺ።"

ኤርጎጌ ቤት ገብታ ፍራሹን አነሣች፤ ጠርዙን በስልኳ መብራት ተከተለችው። ስፌቱ ላይ እስክሪብቶ እየነካካ የሄደ የሚመስል ጥቋቁር ነጥብ አለ። ከራስጌው ቁልፎች አንዱን ወደ ጎን ገፋ ስታደርገው ደግሞ የምስር ፍሬ የሚያህል፣ ጠፍጣፋ፣ ቡናማ ነገር ወደ ከፋዩ እጥፋት ሸሸ። ልጅ ሳለች እናቷ የጠፍር አልጋ ላይ የፈላ ውሃ ሲያፈሱበት ያየችው ነው። ትኋን።

ወደ ሱቁ ተመለሰች። ደንበኞች ስለነበሩ በሀዲይኛ ለማናሴ፣ "ንግሥትህ ብቻዋን አይደለም የተደገፈችው" አለችው።

ማናሴ ነገሩ ገባው። ሐፍረቱን በሥራ ሊወጣው ፈልጎ ከመደርደሪያው ላይ የነፍሳት መርጫ አነሣና አልጋውን፣ ግድግዳውን፣ ወለሉን አንድ በአንድ ረጨ። ሽታው ከክፍሏ አልወጣ ብሎ ፊቤ ስታስነጥስ ሰነበተች። ለጥቂት ጊዜ ጋብ ያለ መሰላቸው። ከዚያ ኤርጎጌ አንዱን ትኋን ከብስኩት ካርቶን እጥፋት ውስጥ አገኘችው። መርጫው ያገኛቸውን ገድሎ የቀሩትን ወደ ካርቶኖቹ ሰዷቸው ነበር።

እሷን ከንክሻው ይልቅ የጎዳት ሐፍረቱ ነው። ትኋን ማለት ለእሷ ያልተጠረገ ቤት ማለት ነበር፤ እሷ ደግሞ ወለሏን በቀን ሁለቴ የምትወለውል ሴት ናት። ሳቋ ቀነሰ። የእህቶች የጸሎት ኅብረት በየሳምንቱ ከቤት ቤት ይዞራል፤ ተራው የእሷ ሲደርስ፣ ፊቤን አሟታል ብላ አሳለፈችው። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ የኋላ ወንበር ትመርጣለች፤ ሊያቅፏት ሲመጡ እጇን ቀድማ ትዘረጋለች። ለማ ንኮሲማ ትንፍሽ አላለችም። ከቤቴ ውጡ ይሉናል ብላ ፈርታለች።

ከዚህ ያወጣቻት ፀገነት ናት። ፀገነት የአዲስ አበባ ልጅ፣ ኦርቶዶክስ፣ አፏ የማይመለስ ሴት ነች፤ መሐል ከተማ ጄፒ ጎዳና ላይ ካሉት ፎቆች በአንዱ አንሶላና ብርድ ልብስ በጅምላ ትሸጣለች። ኤርጎጌ ዕቃ ልታነሣ ስትመጣ ሁለቱ አንገት ለአንገት ተጠማጥመው ነው የሚሳሳሙት። ያን ቀን ኤርጎጌ ከባንኮው ወዲያ ቆማ ቀረች።

"ምነው ከሩቅ?" አለች ፀገነት።

"ጉንፋን ይዞኛል፤ እንዳላስይዝሽ ነው።"

"ጉንፋን የያዘው ሰው ይስላል። አንቺ ግን እያከክሽ ነው።"

ኤርጎጌ መሬት መሬቱን አየች። ፀገነት ከባንኮው ወጥታ በእጅጌዋ ይዛ ወደ ደረጃው ወሰደቻት። "ተቀይመሽኝ ከሆነ ንገሪኝ። ካልተቀየምሽኝም ያለውን ንገሪኝ" አለቻት።

"ትኋን ገብቶብኛል፣ ፀጊ" አለች ኤርጎጌ፤ እንባዋ መጣ።

ፀገነት በረጅሙ ተነፈሰች። "እኔኮ ሰው የሞተብሽ መስሎኝ ነበር። ዮቪል ሰፈር ስኖር እኔም ተወርሬያለሁ። ከፎቅ ፎቅ ነበር የሚዞሩት፤ ከኪራይ ሰብሳቢው በላይ ነበር የሚመላለሱት።"

"አንቺ? እንዲህ ንጹሕ ሆነሽ?"

"ትኋን እኮ ቆሻሻ አይበላም፣ ሰው ነው የሚበላው። ታጠብሽ አልታጠብሽ ግዱም አይደል። የሚፈልገው የሚደበቅበት ቦታ ነው። ከአልጋሽ ሥር ምን አለ?"

ኤርጎጌ ነገረቻት። ብስኩቱን፣ ሳሙናውን፣ ብርድ ልብሱን፣ የታጠፈውን ካርቶን፣ ገመዱን፣ ባልዲውን፣ ሻንጣዎቹን። ፀገነት እየሰማች ጭንቅላቷን ያዘች።

"ይኼማ ለእነሱ ባለ ብዙ ክፍል ሆቴል ነው" አለች። "መርጫውን ተዪው። መጀመሪያ ሆቴሉን እንዝጋ።"

ሰኞ ዕለት ሱቁ ተዘጋ። በሥራ ቀን ሲዘጋ ታይቶ ስለማይታወቅ ሰው እየመጣ ደህንነታቸውን ይጠይቅ ነበር። ፀገነት ጸጉሯን ጠቅልላ፣ አሮጌ ልብስ ለብሳ፣ ጥቅል የቆሻሻ ላስቲክና ባለ ክዳን የፕላስቲክ ሣጥኖች ተሸክማ ከታክሲ ወረደች። የመጀመሪያው ትእዛዟ፣ ምንም ነገር ሳይታሰር ከክፍሉ እንዳይወጣ ነበር። አንሶላውም፣ ብርድ ልብሱም፣ ካርቶኑም እዚያው ክፍል ውስጥ ላስቲክ ይገባና አፉ ይቋጠራል፤ ካልሆነ ትኋኑን በገዛ እጃቸው ሱቁ ውስጥ ሊዘሩት ነው። ብስኩቱና ሳሙናው እየተመረመረ ከካርቶኑ ወጥቶ ወደ ሱቁ መደርደሪያ ሄደ። ጨርቅ የሆነው ሁሉ ለላውንድሪ ተለየ።

"ማጠቡ ብቻ አይበቃም" አለች ፀገነት። "የሚጨርሳቸው የማድረቂያው ሙቀት ነው። የመጨረሻው ከፍተኛ ሙቀት ላይ አድርጉት። ከዚያ ሲመጣ በቀጥታ ወደ ንጹሕ ሣጥን።"

የሻንጣዎቹ ተራ ሲደርስ ማናሴ ፊታቸው ቆመ።

"እነዚህ ይቆዩ" አለ።

ፀገነት ልትመልስለት አፏን ስትከፍት ኤርጎጌ በዓይኗ አስቆመቻት። ፀገነትም ላስቲክ ላምጣ ብላ ወጣችላቸው።

"የፊቤም ልብስ እዚያ ውስጥ ነው" አለች ኤርጎጌ።

"አውቃለሁ።"

"ብንሮጥ እኮ ትኋኑንም ይዘን ነው የምንሮጠው።"

ማናሴ አልሳቀም። የተራቆተው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። "የእናቴ ፎቶ ጻካኔ ሱቅ ውስጥ ቀረ" አለ። "ሌላ አልነበረኝም። ዕቃውስ ዕቃ ነው። ግን ያን ቀን አጥሩን ስዘል ትዝ ያለኝ ፎቶው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ነገር በአንድ እጅ የሚነሣ ካልሆነ እንቅልፍ አይወስደኝም።"

ስለ ፎቶው ነግሯት አያውቅም ነበር። ኤርጎጌ አጠገቡ ተቀመጠች። ከዚያ ያሰበችውን ነገረችው። "ወረቀቶቻችንንና ፎቶዎቹን በአንዲት ትንሽ ቦርሳ እናድርጋቸውና በሩ አጠገብ እንስቀላት። ክፉ ቀን ከመጣ አንተ ቦርሳዋን ትይዛለህ፣ እኔ ፊቤን። ልብሱ ግን ይንጠልጠል፣ ማናሴ። ልብስ ይገዛል። እኔ በሆዴ እየተሳብኩ ቀሚስ መፈለግ ሰልችቶኛል።"

ማናሴ ተነሣና ሻንጣዎቹን ራሱ በላስቲክ ጠቅልሎ ወደ ግቢው አወጣቸው። ፀሐይ ላይ ከፈቷቸው። የሠርግ ሱፉ፣ የኤርጎጌ ነጭ ቀሚስ፣ ፊቤ ስትወለድ የለበሰቻቸው መዳፍ የማይሞሉ ካልሲዎች ወጡ። የአንደኛው ሻንጣ ዚፕ ሥር፣ ስፌቱን ይዘው ትኋኖቹ ተጠጋግተው ተኝተዋል። ማናሴ ጎንበስ ብሎ አያቸው።

"ከእኔ ቀድመው ጓዛቸውን ጠቅልለዋል" አለ።

ኤርጎጌ እንደዚያ ከሳቀች ብዙ ጊዜዋ ነበር። ጎኗን ይዛ መሬት ላይ እስክትቀመጥ ሳቀች።

ሳቁ ማ ንኮሲን ከቤት አወጣቸው። ግቢው በጥቋቁር ላስቲክ ተሞልቷል፤ ፍራሹ አጥሩን ተደግፎ ቆሟል። "ማማካ ፊቤ፣ ልትለቁ ነው እንዴ?" ብለው በልጇ ስም እየጠሩ ጠየቋት።

ኤርጎጌ ደነገጠች፤ መዋሸት ግን አልቻለችም። በተሰባበረው ዙሉኛዋ፣ ያላወቀችውን ቃል በጣቷ ክንዷ ላይ እየሄደች አስረዳቻቸው። ማ ንኮሲ አንገታቸውን ነቀነቁ።

"ለዚህ ነው የምትሸሺኝ? ባሌ ማዕድን ቁፋሮ ሳለ የሠራተኞች ሆስቴል ነበር የሚያድረው። ቤት በመጣ ቁጥር በብርድ ልብሱ ይዞልኝ ይመጣ ነበር። በሩ ላይ አስወልቄ ነበር የማስገባው፣ ልጄ። የእኔንም ክፍል ኑና እዩልኝ። ደግሞ አልጋችሁ ዝቅ ብሏል፤ ከጓሮ ጡብ ውሰዱና ከፍ አድርጉት፣ መጥረጊያው ገብቶ ይውጣ።"

የእሳቸው አልጋም እንዲሁ በጡብ ላይ ነው የቆመው። ማናሴ እሱም ለትኋን እንደሆነ ሲጠይቃቸው ማ ንኮሲ ሳቁ። የእሳቸው ለቶኮሎሽ ነው፤ የተኛን ሰው የሚያስጨንቅ አጭር መንፈስ አለ ይባላል፣ አልጋው ከፍ ካለ አይደርስም።

"ማ፣ እኛ እኮ ጴንጤዎች ነን" አለች ኤርጎጌ ቅር ብሏት።

"ጡቡ ያንን አያውቅም" አሉ ማ ንኮሲ።

ያ የከፋይ ራስጌ ግቢ ውስጥ አልዋለም። ማናሴ ሌላ ሰው አንሥቶ እንዳይወስደው ከፋዩን በቢላ ተለተለው፤ እንጨቱን ሰባብሮ በላስቲክ አሰረና ላዩ ላይ በቀለም ትኋን እንዳለበት ጻፈበት። ዕቃ የማይጥለው ሰው ሲጥል እንዲህ አድርጎ ነው የጣለው። ጋሪ እየገፋ የሚያልፍ ሰው ቆም ብሎ ሲያየው፣ "ወንድሜ፣ ከዚህ ከወሰድክ ሚስትህ ታባርርሃለች" ብሎ አሰናበተው።

ከዚያ በኋላ ተባይ የሚያጠፋ ባለሙያ ጠሩ። ሰውዬው ገብቶ ባዶውን ወለል፣ ከግድግዳው ፈቀቅ ያለውን አልጋ ሲያይ፣ ሌላ ቤት ግማሽ ቀኔን የምፈጀው ዕቃ በማንሣት ነው አለ። ፀገነት ከሱቋ በዚፕ የሚዘጋ የፍራሽ ልብስ አመጣች። የአልጋው እግሮች ጡብ ላይ ወጡ፤ እያንዳንዳቸውም ጎኑ ለስላሳ በሆነ የፕላስቲክ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ቆሙ፤ ትኋን ገብቶ ከወደቀ ልሙጡን መውጣት አይችልም። አንሶላው ወለል እንዳይነካ ጠርዙ ከፍራሹ ሥር ይታጠፋል። ለሽያጭ የሚመጣ ብርድ ልብስ ከዚያ ወዲህ የመኝታ ክፍሏን ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። ከአልጋው ሥር ምንም የለም፤ የቀረው ዕቃ ውስጣቸውን በሚያሳዩ ሣጥኖች ተከድኖ ማናሴ ግድግዳው ላይ በሠራው መደርደሪያ ላይ ተሰለፈ።

በአንድ ጊዜ ግን አላለቀም። ኤርጎጌ ጠዋት ጠዋት ሳህኖቹን ታያለች፤ መጀመሪያ ላይ አልፎ አልፎ አንድ ታገኛለች፤ ያን ቀን ልቧ ይወርዳል። ባለሙያው እንቁላሉ ስለሚፈለፈል ተመልሼ እመጣለሁ ብሎ ስለነበር መጣ። ላውንድሪውም ተደገመ። ብርዱ ሊለቅ ሲል ሳህኖቹ ውስጥ ከአቧራ በቀር ምንም አልነበረም፤ የፊቤም ክንድ ጠራ። በዚያው ሰሞን ማናሴ ለማንም ሳይናገር ባኪ ተከራይቶ ሄደና አዲስ፣ ከብረት የተሠራ፣ ባለ እግር ቁም ሣጥን ጭኖ መጣ። በሩ ስለጠበበ የጎረቤት ወንዶች ተጠርተው በስንት መከራ አስገቡት። ኤርጎጌ ቀሚሶቿን በቀለም እየለየች ሰቀለች፤ እንደገና አወረደችና እንደገና ሰቀለች።

የጸሎት ኅብረቱን ራሷ ጠራች። ገና ስለሚበርድ ሴቶቹ ወፋፍራም ኮታቸውን ለብሰው መጡ። ልማዳቸው ኮትና ቦርሳቸውን የምታስተናግዳቸው ሴት አልጋ ላይ መከመር ነው። ኤርጎጌ ግን በሩ ላይ መስቀያ ይዛ ቆማ ጠበቀቻቸው፤ ሱቁ ውስጥ ረጅም ዘንግ ዘርግታለች።

"ኮትና ቦርሳ ለእኔ ስጡኝ። አልጋዬ ላይ ማንም ምንም አያስቀምጥም።"

ከአይቮሪ ፓርክ የመጡት እትዬ አሰፋሽ፣ ከሴቶቹ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት፣ ቆም አሉ። "አልጋሽ ወርቅ ሆነ እንዴ ልጄ?"

ኤርጎጌ ለዚህ ጥያቄ ቀለል ያለ ውሸት አዘጋጅታ ነበር። አፏን ስትከፍት ግን የወጣው እውነቱ ነው። "ትኋን ነበረብን፣ እትዬ። አሁን ጠፍቷል። ተመልሶ እንዳይገባ ነው።"

እትዬ አሰፋሽ ኮታቸውን አወለቁ፣ የሹራባቸውን እጅጌ ሰበሰቡና ክንዳቸውን ለኤርጎጌ ዘረጉላት። በመስመር የተደረደሩ ቀያይ እብጠቶች።

"እኔ እኮ ስኳር ነው ብዬ ጣፋጭ ካቆምኩ ሰነበትኩ" አሉ።

ከዚያ በኋላ ማን ይቀመጣል። ሁሉም ክፍሏን ልይ አሉ። አንዷ ጎንበስ ብላ ሳህኖቹን መረመረች፣ ሌላዋ የቁም ሣጥኑን በር ከፈተች። ጡቡን ያየች አንዲት ሴት ፊቷን አጨማድዳ፣ "ይኼ እንደ አገሬው ለቶኮሎሽ ነው?" ብላ ጠየቀች።

"ለመጥረጊያው ነው" አለች ኤርጎጌ፤ መጥረጊያውን አምጥታ ከዳር እስከ ዳር አስገብታ አሳየቻት። ጸሎቱ ዘግይቶ ተጀመረ።

በሚቀጥለው ሰኞ ኤርጎጌና ፀገነት አይቮሪ ፓርክ፣ እትዬ አሰፋሽ ክፍል ውስጥ በሆዳቸው ተኝተው ካርቶን ይጎትቱ ነበር። ከመጨረሻው ካርቶን ጀርባ አንድ የድስት ክዳን ወጣ። እትዬ አሰፋሽ ክዳኑን ተቀብለው አገላብጠው አዩት፤ ጠፋብኝ ብለው ከጎረቤታቸው ጋር የተኳረፉበት ክዳን ነው። ራስ መሸፈኛቸውን አስተካከሉና፣ ክዳኑን በብብታቸው ይዘው፣ ወደ ጎረቤታቸው በር አመሩ።